መሪየምና የአዴ ጁሀራ ኮምፒውተር

ሮቤ ውስጥ ኮምፒውተር ሊገዛ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። ስንዴ የለመደ እጅ ነውና ጎተራው ሞልቶ እንደሆነ ለማወቅ እንደሚያንኳኳ ሁሉ ኮምፒውተሩንም ያንኳኳዋል፤ ከዚያ ብድግ አድርጎ ይመዝነዋል። ከከበደው ደስ ይለዋል። እኔ ሳላሕዲን እባላለሁ። ከስልጤ መጥቼ እዚህ ከተማ ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን ቆይቼ፣ ዘመኑ ሲዞር አብሬ ወደ ኮምፒውተር ዞርኩ። እነዚህን ሰዎች እያየሁ በሆዴ ስስቅ ኖሬያለሁ፤ አዋቂ ነኝ ብዬ ነበር የምስቀው። የመሪየም ቱፋን ነገር ልንገራችሁና ማን አዋቂ እንደነበር እናንተው ፍረዱ።

መሪየም እዚሁ ሮቤ፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ የጽሕፈት ሠራተኛ ነበረች። የጎባ ልጅ ናት። በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ስትቀጠር በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ነበር የምትሠራው። መንግሥት ተለውጦ የክልሉ ሥራ በኦሮምኛ ሲሆን ጓደኞቿ አማረሩ፣ አንዳንዱም ሥራ ለቀቀ፤ እሷ ግን ቁቤውን፣ የኦሮምኛውን የላቲን ፊደል፣ በሦስት ወር ለምዳ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ቋንቋውማ የእናቷ ነው፤ የቸገራቸው ጣቶቿ ነበሩ፤ እነሱን አስተማረቻቸው።

አንድ ጠባይ ነበራት። አንዴ የመታችውን ወረቀት አትረሳም። የቢሮ ሰዎች ሊቀልዱባት ሲፈልጉ፣ «መሪየም፣ በሰማንያ ሁለት ስለ ማዳበሪያ ለሲናና ወረዳ የጻፍነው ደብዳቤ ምን ይል ነበር?» ይሏታል። ከቁጥሩና ከቀኑ ጀምራ እስከ ግልባጩ ድረስ ትወርድላቸዋለች። ይስቃሉ፤ ሻይ ይጋብዟታል። ለደሞዟ ግን ጠብ ያለላት ነገር የለም።

ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር። ልጅ የላትም። ከሽማግሌ አባቷ ከኦቦ ቱፋ ጋር ነው የምትኖረው፤ ቤቱ የሚያድረው በእሷ ደሞዝ ነው።

በሁለት ሺህ አንድ ቢፒአር የሚሉት መጣ። የአሠራር ለውጥ ነው ተባለ። ሠራተኛው ሁሉ ከመደቡ ተነሥቶ እንደ አዲስ ይመደባል፤ ዲፕሎማ የሌለውና ኮምፒውተር የማይችል ቦታ አያገኝም። መሪየም የነበራት አሥራ ሁለተኛ ክፍልና የሃያ ሦስት ዓመት አገልግሎት ነው። አላህ ይስጣት፣ አስቀድማ በርቀት ትምህርት ዲፕሎማውን ጀምራ ነበር፤ የቀራት አንድ የማጠቃለያ ወረቀት ብቻ። ሠላሳ ገጽ፣ በኮምፒውተር ተጽፎ፣ ሰኔ አንድ ሰኞ ጠዋት መግባት አለበት። ካልገባ ለሚቀጥለው ዓመት ነው፤ ምደባው ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት አይጠብቅም።

በታኅሣሥ ሱቄ መጣች። «ሁለት ሺህ ብር አለኝ። ለሥራም ለትምህርትም የሚሆነኝ ኮምፒውተር ፈልግልኝ» አለችኝ።

«በሁለት ሺህ ብር ሞኒተሩን እሰጥሻለሁ፤ የቀረውን በዱዓ ትሞዪዋለሽ» አልኳት።

ሳቀች፤ አልወጣችም ግን። በርጩማ ስቤ አስቀመጥኳትና ያለውን ነገር ዘረዘርኩላት። ከአዲስ አበባ የሚመጣውን አዲሱን ተዪው፣ እሱ ለፕሮጀክት ቢሮዎች ነው። ሻሸመኔ የሚገጣጠመው አለ፤ ላዩ ሙሽራ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ከስንት ሬሳ እንደተሰበሰበ አላህ ነው የሚያውቀው፤ እሱም ቢሆን ካንቺ ብር ያልፋል። «ላንቺ ሥራ ፍጥነት አያስፈልግሽም፤ ደብዳቤ አይሮጥም» አልኳት። «በሚሞሪ ብር አታባክኚ። ሃርድ ዲስኩ ጤነኛ ይሁን፣ ኪቦርዱ ለጣትሽ ይመችሽ። ከተረፈሽ ስታቢላይዘር ግዢ፤ የኛ አገር መብራት ሲመለስ ተቆጥቶ ነው የሚመለሰው።» ሁሉንም በብጣሽ ወረቀት ጻፈች። መቼም አትረሳም፣ ለምን እንደምትጽፍ አላውቅም።

ምርጫውን የጨረሱት ግን ኦቦ ቱፋ ናቸው። በወጣትነታቸው ከጎባ ወደ ሃረና እየወረዱ ለቡና ነጋዴዎች ጭነት በፈረስ ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። «ፈረስ አይመረጥም» አሉ። «ባለፈረሱ ነው የሚመረጥ። ደግ ሰው ቤት ያደገ ፈረስ ገደል አይከትህም።» በዚሁ ሒሳብ የታወቀ ቤት ስናስብ አዴ ጁሀራ ትዝ አሉን።

አዴ ጁሀራ ከመስጊዱ ጀርባ የሚኖሩ እናት ናቸው። አንድ ልጃቸው ዓብዱልፈታሕ ባለፈው ክረምት በኩላሊት ሕመም ሞቶባቸዋል። ኮምፒውተር ነበረው፤ የሸጥኩለትም እኔው ስለነበርኩ ማሽኑን እንደ ራሴ ልጅ አውቀዋለሁ። ሦስታችን ሄድን። ሞኒተሩም ሲፒዩውም ጥልፍ ዳንቴል ለብሰው፣ ልጁ በተዋቸው ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። ከፈትኩት። ኦቦ ቱፋ ከኋላው በማራገቢያው በኩል መዳፋቸውን ዘረጉና «ትተነፍሳለች» አሉ። ከዚያ ኪቦርዱን አነሡ። ፊደሎቹ ግማሹ ተፍቀው ጠፍተዋል። «ጥርሷ አልቋል፤ ብዙ ሠርታለች። ቢሆንም የተመታች አይደለችም።» እኔ ሳቄን ዋጥኩ።

መሪየም ያላትን ብር ተናገረች። በገበያው ዋጋ እጥፍ የሚያወጣ ማሽን ነበር። አዴ ጁሀራ፣ «ይበቃኛል። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ስሙልኝ» አሉ። ድምፅ መስሚያው የትኛው እንደሆነ አያውቁም፤ ውስጡ እንዳለ ብቻ ያውቃሉ። ፈልጌ አገኘሁት።

አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ልጁ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ያጠና ነበርና፣ ትምህርቱን ጮክ ብሎ እያነበበ ድምፁን ቀርጾታል፤ መልሶ እየሰማ ሊሸመድደው። «ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ያስጠነቅቃል» ይላል። «ክብ ምልክት ያዝዛል ወይም ይከለክላል። መታጠፊያ ላይ ቀድሞ ማለፍ ክልክል ነው።» እንዲህ እያለ ይሄድና መሐል ላይ ቆም ይላል። «አዮ፣ ሁላ ጩፊ» ይላል። እማ፣ በሩን ዝጊ ማለቱ ነው። የአዴ ጁሀራ ድምፅ ከሩቅ፣ «ምነው፣ በረደህ?» ይለዋል። «አልበረደኝም፤ ድምፅ ይገባል።» በሩ ሲዘጋ ይሰማል። ከዚያ ስለ አደባባይ ቅድሚያ ይቀጥላል።

ሲያልቅ ኦቦ ቱፋ ኮፍያቸውን አውልቀው ነበር።

«እኔ መክፈት አላውቅም» አሉ አዴ ጁሀራ። «ከሞተ ወዲህ ዛሬ መስማቴ ነው። የማምነው ሰው እንዲከፍትልኝ ነው የምሸጠው። ድምፁ እዚያ ውስጥ እስካለ ድረስ ማሽኑ ያንቺ ነው፣ ሥሪበት፣ ተማሪበት። ዓርብ ዓርብ ከሶላት በኋላ እየመጣሁ እሰማለሁ፤ አደራ። አማና ነው።»

«አማና ነው» አለች መሪየም።

እኔም ዝም ብል ምን ነበረበት፤ ደግ ለመባል ፈልጌ፣ «ድምፁን በሲዲ እገለብጥልዎታለሁ አዴ፤ ዲስክ የሚታመን ነገር አይደለም። በሚመጣው ሳምንት» አልኩ። እጄን ይዘው መረቁኝ። አንድ ሲዲ አምስት ብር ነው። በሚመጣው ሳምንት ያልኩት ሳምንት ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት አልመጣም።

መሪየም በዚያ ማሽን ከቢሮ መልስ የሰው ማመልከቻና የተማሪ ወረቀት ትመታ ነበር፤ በዚያው ራሷን ታስተምራለች። በየካቲት ከእኔ በላይ ፈጥና ሠንጠረዥ ትሠራለች። ዓርብ ሲሆን ሥራዋን አቁማ ወንበሩን ትለቃለች። አዴ ጁሀራ ንጹሕ ሻሻቸውን አስረው ይመጣሉ፤ ለምን እንደሁ አላውቅም፣ ድምፅ ሊሰሙ ሳይሆን ሰው ሊጠይቁ የመጡ ነው የሚመስሉት። ይሰማሉ። «በረደህ?» የሚለው የራሳቸው ድምፅ ጋ ሲደርስ አንገታቸውን ያዘነብላሉ። አንድ ዓርብ ገበያ ላይ አንድ ባጃጅ መታጠፊያ ላይ ሌላውን ቀድሞ ሲያልፍ አይተው፣ «ክልክል እኮ ነው» ብለው ሲቆጡ ሰምቻለሁ። መኪና ነድተው አያውቁም።

በግንቦት መጨረሻ አንድ ደንበኛ በፍላሽ ቫይረስ ይዞላት መጣ። ማሽኑ መነሣት አቃተው። ረቡዕ ቀን ባጃጅ ላይ ጭና ሱቄ አመጣችው። የማጠቃለያ ወረቀቷን መትታ ልትጨርስ ጥቂት ገጽ ነበር የቀራት።

«ወረቀቴ ቢጠፋ በእጅ የጻፍኩት ስላለኝ እንደገና እመታዋለሁ» አለችኝ። «የዓብዱልፈታሕን ግን አደራ።»

«አውቃለሁ፣ እኔም አብሬ ነበርኩ» አልኳት። ተቆጣሁ እንኳ፤ ሙያዬን እንደማላውቅ የቆጠረችኝ መስሎኝ።

ሐሙስ ዕለት መብራት በፈረቃ ነበር። እኛ ሰፈር ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የሚቆየው። ከአንድ ቢሮ የመጡ ሁለት ማሽኖች ዛሬ ካልደረሱ ተብዬ ወጥረውኝ ነበር። እውነቱን ልናገር፤ እኛ ጠጋኝ ነን የምንል ሰዎች ዱላችን አንድ ነው፣ ፎርማት ይባላል። ማሽኑ ታመመ፣ ፎርማት። ዘገየ፣ ፎርማት። ውስጡ ያለውን ሁሉ ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን ነው። ሦስቱንም ማሽኖች ደርድሬ፣ ሲዲውን ከአንዱ ወደ አንዱ እያዛወርኩ፣ ከሰው ጋር እያወራሁ እጄ ሥራውን ሠራ። ጭንቅላቴ የደረሰው የመሪየም ማሽን አዲሱን ፕሮግራም ጭኖ ሊጨርስ ሲል ነው። የዓብዱልፈታሕ ድምፅ እዚያ ውስጥ ነበር።

ፎርማት ከማድረጌ በፊት ሃርድ ዲስኩን ነቅዬ ሌላ ማሽን ላይ ሰክቼ ድምፁን መገልበጥ እችል ነበር። አንድ ሰዓት አይፈጅም። ይህን ለማንም ብዬ አላውቅም፤ አሁን እናንተ አወቃችሁ። የጠፋ የሚመልሱ ፕሮግራሞች አሉ፤ መብራቱ እስኪሄድ ሞከርኳቸው። በልጁ ስም የተቀመጠውን ፋይል አገኘሁት። ስከፍተው ዝም አለ።

መሪየም ከሰዓት መጣች። ነገርኳት። ቆማ ሰማችኝና በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

«ስሚኝ» አልኳት። «ለአዴ ጁሀራ ማሽኑ ሳላሕዲን ጋ ነው፣ ዕቃ እየጠበቀ ነው እንበላቸው። ዛሬውኑ ውሰጂው። እስከ ሰኞ ወረቀትሽን ምቺና አስገቢ። ከዚያ በኋላ እውነቱን እንነግራቸዋለን። ሦስት ቀን ናት፤ ማንንም አትጎዳም።»

«ማሽኑ የማን ነው?» አለችኝ።

«ያንቺ ነዋ።»

«ድምፁ እስካለ ድረስ ነው የኔ የነበረው» አለች። «አሁን የሳቸው ነው።»

ዓርብ ማሽኑን ተሸክሜ አብሬያት ሄድኩ። አዴ ጁሀራ ሻሻቸውን አስረው ሊወጡ ሲሉ በር ላይ አገኘናቸው። ዕቃውን ሲያዩ ገባቸው መሰለኝ፣ መንገድ ለቀቁልን። መሪየም ሳታለባብስ፣ የእኔንም ስም ሳትጠራ፣ «አማናውን አጠፋሁት አዴ» አለቻቸው። እኔ አቋርጬ ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኩ። አዴ ጁሀራ ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም። ሊያውቁ ፈልገው ነው የጠየቁኝ።

«ሲጠፋ የት ነው የሚሄደው?»

ሃያ ዓመት በዚህ ሙያ ስቆይ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ወንበሩን ትተው ምንጣፉ ላይ ወረዱ፤ ባለፈው ክረምት ለቅሶ የተቀመጡበት ቦታ ላይ። ሻሻቸውን ፈትተው ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉት። መሪየም ጫማዋን አውልቃ አጠገባቸው ተቀመጠች። እኔ ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና ወጣሁ።

ታዕዚያ፣ የለቅሶ መቀመጡ፣ ሦስት ቀን ነው። ሐዘን ቤት የተቀመጠ ሰው ሦስቱን ቀን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወደ ጉዳዩ አይሄድም። መሪየም ዓርብን ተቀመጠች። ቅዳሜ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ፣ መብራት ያለበትን ሰዓት አጣርቼ፣ ወደ አዴ ጁሀራ ቤት ሮጥኩ። ጎረቤቶች ቀስ በቀስ እየገቡ ነበር። መጀመሪያ ግራ የተጋቡም አሉ፤ ግን የተቀመጠ ሰው ካለ ለቅሶ ነውና ፔርሙስ ይዘው መጡ። መሪየምን ወደ በር ጠራኋት።

«ሱቄ ውስጥ አንድ ማሽን ሥራ ፈትቶ ቆሟል፣ መብራት እስከ ስድስት ሰዓት አለ። ነገም አለ። አንቺ ሠላሳ ገጽ በአንድ ቀን ተኩል ትጨርሻለሽ። ነይ።»

«ታዕዚያ ላይ ነኝ» አለች።

«ሰው አልሞተም እኮ» አልኳት። በዕድሜዬ ከአፌ ከወጣው ሁሉ የማፍርበት ይህ ነው።

«አንተ ጋ አልሞተም ይሆናል» አለችኝና ተመልሳ ገባች።

እሑድም ተቀመጠች። ወረቀቷን ራሴ ልምታላት ብዬ አሰብኩ፤ በእጅ የጻፈችው ግን ቤቷ ነው፣ ቁልፉ እሷ ጋ ነው። ምክንያት መቼ ጠፍቶኝ ያውቃል። ሰኞ ጠዋት ሰኔ አንድ ሆነ። ወረቀት ተቀባዮቹ በራቸውን ከፈቱ፣ ከሰዓት ዘጉ።

በሐምሌ የምደባው ዝርዝር የመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሰው ተሰብስቦ ስሙን ሲፈልግ እሷም ከላይ እስከ ታች አነበበችው። የመሪየም ቱፋ ስም የለም። ከዚያ ቀን በኋላ አንዱ ሊቀልድ ፈልጎ፣ «እስቲ ዝርዝሩን በቃልሽ ውረጂው» አላት አሉ። ወረደችው፤ አርባ ሁለቱንም ሰው እስከነመደባቸው። ማንም አልሳቀም።

ኦቦ ቱፋ አንድ ቀን በሱቄ በር ሲያልፉ ቆሙ። ሰላምታ ሰጡኝ፤ ሰላምታ አይከለክሉም። «ባለፈረሱን በደንብ መርጠን ነበር» አሉ። «ፈረሱን የሚያክመውን ነው ሳንመርጥ የቀረነው።» በትራቸውን እየተደገፉ ሄዱ። ትክክል ናቸው፤ እኔ ሃርድ ዲስክ ምረጪ፣ ኪቦርድ ምረጪ ስላት፣ ማሽኑ ሲታመም ማን እጅ እንደሚወድቅ አልነገርኳትም።

አሁን መሪየም ፍርድ ቤቱ አጠገብ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጣ ለባላገር ማመልከቻ በእጅ ትጽፋለች። ዝናብ ሲመጣ ወረቀቱን በፌስታል ትሸፍናለች። የአባቷንም የራሷንም እንጀራ ከዚያ ነው የምታወጣው፤ ዝናብ በዋለበት ቀን አይወጣም።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ማሽን አበጀሁላት። ከተለያየ ቦታ የሰበሰብኩት ነው፣ ግን ሃርድ ዲስኩ አዲስ ነው። ዋጋ አልጠይቃትም፤ አድርሼ፣ ሰክቼ፣ ዝም ብዬ ልመለስ ነበር ሐሳቤ። ቀኑ ዓርብ ነበር፤ ቤቷ ሄጄ ሳጣት ኦቦ ቱፋ አዴ ጁሀራ ጋ ናት አሉኝ። ካርቶኑን ተሸክሜ ወደዚያው ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ልጣራ ስል የመሪየምን ድምፅ ሰማሁ።

«ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ያስጠነቅቃል» ትላለች። «ክብ ምልክት ያዝዛል ወይም ይከለክላል።»

በተከፈተው ቀዳዳ አየኋቸው። ኮምፒውተሩ ዳንቴሉን ለብሶ ጠረጴዛው ላይ ነው። አዴ ጁሀራ ንጹሕ ሻሻቸውን አስረው ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ መሪየም አጠገባቸው ቆማ፣ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተክላ፣ አምስት ወር ዓርብ ዓርብ የሰማችውን ሳታዛንፍ ታወርዳለች። ልጁ ትንፋሽ የወሰደበት ቦታ ላይ እሷም ትወስዳለች። መታጠፊያው ጋ ደረሰች። ቆም አለች።

«አዮ፣ ሁላ ጩፊ።»

«ምነው፣ በረደህ?» አሉ አዴ ጁሀራ።

«አልበረደኝም፤ ድምፅ ይገባል።»

ስለ አደባባዩም ተናግራ እስከ መጨረሻው ሄደች። አዴ ጁሀራ አንገታቸውን አዘነበሉ።

«ቃሉ ልክ ነው» አሉ። «ድምፁ ግን እሱ አይደለም።»

«አውቃለሁ አዴ።»

«እስቲ ከመጀመሪያው በዪው።»

ካርቶኑን ደፉ ላይ አስቀመጥኩት። መሪየም እንደገና ጀመረች። በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁትና ሄድኩ።